በሊቀመንበሩ ወንበር ፊት ስለጎነበሰው የቀኝ መስመር ተጫዋች

ለተከበሩ ሐጂ ዳኤንግ ቶምፖ፣
የቦንቶ ሊንታ መንደር የታዳጊዎች እግር ኳስ ማኅበር ሊቀመንበር፣
በጥላው ሥር፣ በወንበራቸው ላይ።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እሑድ ዕለት ያን ያህል ጮኸው ድምፅዎ አለመዘጋቱን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ያ የዝንጅብል ወተት ባይኖር ኖሮ መንደሩ ያለ ሊቀመንበር ድምፅ ሊቀር ነበር። እኛ ቤት አላህ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ ልጄ ብቻ ደህና አይደለም። የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ዳኤንግ ራኑ ነኝ፤ ወደቡ አጠገብ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ የባሕር ሣር በገመድ የምታስረው፣ የሰባት ቁጥሩ የሳንግካላ እናት። ይሄን ደብዳቤ ቤትዎ ድረስ ባመጣው ደስ ባለኝ። ግን የልጄን ስም የሰረዙት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሆነ፣ መልሱም ጎረቤቱ ይሁን ብዬ እዚያው ጎኑ ለጠፍኩት። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ፊደል የገደፍኩ እንደሆነ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ ስለ ሌላው ግን አልጠይቅም።

ከሁለት ወር በፊት ወላጆችን አዳራሽ ሰብስበው «እሴቶቻችንና ከእናንተ የምንጠብቀው» የሚለውን ወረቀት በፕላስቲክ አሽገው ስላደሉን እስከ ዛሬ እናመሰግናለን። ሰባት እሴት ነበረው። የመጀመሪያው በቀይ ተጽፏል፦ «ልጅ በሜዳ ውስጥም ሆነ ከሜዳ ውጪ ታላቁን ያከብራል።» እርስዎም ተነሥተው «ኳስ መምታትማ ፍየልም ይችላል፤ እኛ የምናወጣው ሰው ነው» አሉን። አጨበጨብን። እኔ በእስክሪብቶ፣ አባቴ በአውራ ጣታቸው ፈረምን። ልጄ ደግሞ ወረቀቱን ከመኝታው በላይ ሰቅሎ በቃሉ ያዘው። ክቡር ሆይ፣ ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዚህ መንደር ያን ወረቀት እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አንደኛው ቅሬታዬ ወንበሩን ይመለከታል። ያ ክንዱ የተቀረጸ፣ ቀይ ከፋይ የለበሰ፣ ከሠርግ አዳራሽ የመጣ ወንበር ለክብርዎ የሚገባ መሆኑን ማንም አይክድም። እሑድ ከቢሪንግ መንደር ልጆች ጋር ጨዋታው ሲጀመር ከመስመሩ ውጪ ነበር። ፀሐይዋ ስትዞር የኮኮናቱ ጥላ ወደ ሜዳው ገባ፤ ወንበርዎም ጥላውን ተከትሎ ገባ። ከእረፍት በኋላ ሁለቱ የፊት እግሮቹ ከኖራው መስመር ወዲህ፣ ልጆቹ የሚሮጡበት ላይ ነበሩ። የተጠበሰው ሙዝ ያለበት ጠረጴዛም አብሮ ገባ። መስመር ዳኛው አየ፤ አይቶም ወደ ባሕሩ ዞረ።

አንድ ለአንድ ነበርን፤ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሳንግካላ ኳስ ያዘ። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ በቀኙ መስመር ይዞ ሄደ፤ ከፊቱ በረኛው ብቻ ቀረ። በረኛውና እርስዎ።

ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ከከተማ መጥቶ ይሄን የሚያነብ ካለ ግን ይወቀው፦ እኛ ዘንድ በተቀመጠ ታላቅ ሰው ፊት ቀጥ ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ወገብ ጎንበስ፣ ቀኝ እጅ ወደ መሬት ዝቅ ይደረግና «ታቤ» ተብሎ ይታለፋል። ልጆቻችን ይሄን የሚማሩት ገና በእግራቸው ሳይጸኑ ነው። የኔው ሲማር ከደረጃ ወድቆ ግንባሩን ተፈንክቷል፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። እሑድም ወንበርዎ ጋ ሲደርስ እግሩ ሩጥ አለው፣ ወገቡ ደግሞ ጎንበስ አለው። ጎነበሰ። እጁን ዝቅ አድርጎ «ታቤ፣ ሐጂ» አለ። ኳሷ ታቤ ስለማታውቅ ቀጥላ ተንከባለለች፤ የቢሪንግ ልጅ አገኛት፣ ወዲያ ላካት፣ ሁለት ለአንድ ተሸነፍን።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ስለተናገሩት ነው። መንደሩ ሁሉ ስለሰማው እዚህ ብደግመው ሐሜት አይሆንብኝም፦ «አንተ ደደብ፣ ኳስ ሜዳ ነህ ወይስ ሠርግ ቤት?» ክቡር ሆይ፣ ልጁ እንዴት ይወቅ? ወንበሩ የሠርግ ቤት ነው፣ ሙዙ የሠርግ ቤት ነው፣ ሊቀመንበሩም እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል። እሴት ቁጥር ሁለት «ማንም ትልቅ ሰው በልጅ ላይ አይጮህም» ይላል። በዚሁ ቁጥር እኔ ባለፈው ወር «ልጄ፣ ሩጥ!» ብዬ በመጮኼ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ በክብር አስቀምጬዋለሁ። የእርስዎ ጩኸት ግን ማስጠንቀቂያ አላስከተለም። ለካ የእናት ጩኸት ጩኸት ነው፤ የሊቀመንበር ደግሞ መመሪያ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ማክሰኞ ጠዋት በዚህ ሰሌዳ ላይ ወደ ከተማው ውድድር የሚሄዱት የአሥራ ስድስት ልጆች ስም ወጣ። የሳንግካላ ስም ተሰርዞ ጎኑ «የትግል መንፈስ የጎደለው» ተብሎ ተጽፎበታል። ዝርዝሩ ነገ ዓርብ ማታ ይላካል። አሠልጣኙ ዳኤንግ ሲኪ ማታ ቤታችን መጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ የቀረበለትን ሻይ እንኳ አልነካም።

«ዳኤንግ፣ እኔ እኮ ስሙን አልሰረዝኩም» አለኝ በማክበሪያ ስሜ ጠርቶ።

«ማን ሰረዘ ታዲያ፣ ንፋስ?»

«ሐጂ ናቸው። ኳሶቹም መረቡም የሳቸው ነው፤ ምን ላድርግ?»

«ልጁ ጥፋቱ ምንድን ነው?»

«ምንም። በዚህ መንደር በቀኝ መስመር እንደሱ የሚሮጥ የለም። መጎንበሱ ነው እንጂ።»

«ባይጎነበስስ ኖሮ?»

ይሄኔ ተነሥቶ ጫማውን አጠለቀ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ከእርስዎ ጋር ሲሠራ እሱም ወገቡ ጎብጦ ቀርቷል።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገመዴን ይዤ ዝም ባልኩ ነበር። ሰው ከቡድን ይወጣል፣ ይገባል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ያየሁትን ግን ልንገርዎት። አባቴ በግንዶች ላይ ከቆመው ቤታችን ሥር የቀርከሃው መደብ ላይ ተቀምጠው ገመድ ይጠግናሉ። ሳንግካላ ከትምህርት ቤት መጣ። ደረጃው ያለው ከአባቴ ፊት ለፊት ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ቆመ። አያቸው። ከዚያ ዞሮ ቤቱን በሙሉ ከኋላ በኩል ዞረው፤ በዶሮዎቹ መሀል፣ በጭቃው ውስጥ አልፎ በጓሮው ግንድ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ላይ ወጣ።

«ምነው ልጄ፣ መንገዱ ተዘጋ እንዴ?» አሉት አባቴ።

«አይ አባባ።»

«ታዲያ እንደ ድመት መውጣት ምንድን ነው?»

«ከጎነበስኩ ከቡድን ያስወጡኛል፣ ካልጎነበስኩ እማ ትገድለኛለች። በኋላ ይሻላል።»

አባቴ ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ገመድ ማሰር አቃተኝ። «ሜዳ ላይ አትጎንበስ» ልለው ብል፣ ግድግዳው ላይ «በሜዳ ውስጥም ሆነ ከሜዳ ውጪ» የሚል የእርስዎ ቀይ ጽሑፍ አለ። «ጎንበስ» ልለው ብል፣ ሰሌዳው ላይ የተሰረዘ ስሙ አለ። ሰው እናወጣለን ብለውን ነበር። ይኸው፣ በገዛ ቤቱ በጓሮ የሚገባ ሰው አወጡልን።

ስለዚህ ልመና አይደለም የምጽፈው፤ ልመና የት እንደሚቀርብ አውቃለሁ፣ እርስዎ ጋ አይደለም። ሁለት ነገር እጠብቃለሁ፤ መጠበቅን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። የልጄ ስም ነገ ከጨዋታው በፊት እዚሁ ሰሌዳ ላይ፣ በዚያው በሰረዙበት እስክሪብቶ ይጻፍ። ወንበሩም ከኖራው መስመር ሦስት እርምጃ ወደ ውጪ ይመለስ። ጥላው ካልደረሰዎት ጃንጥላ ይዤ ከኋላዎ እቆማለሁ፤ ይሄን ከልቤ ነው የምለው፣ አልቀልድም።

ይሄ ካልሆነ ደግሞ ማኅበሩን በሚገባው ክብር ለማገዝ ተዘጋጅተናል። ከሴቶቹ ጋር ተመካክረናል። ነገ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከቢሪንግ ጋር የመልሱ ጨዋታ አለ። የመንደሩን አዛውንቶች በሙሉ፣ በእግራቸው የሚሄዱትንም የሚታዘሉትንም፣ ከነወንበራቸው ይዘን እንመጣለን። እርስዎ ባሳዩን ምሳሌ መሠረት የፊት እግሩን ከመስመሩ ወዲህ አድርገን በግራም በቀኝም፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን እናስቀምጣቸዋለን። የቢሪንግ እናቶችም ልጆቻቸውን እንደ እኛው ነው ያሳደጉት። ሃያ ሁለት ልጅ ኳሱን ትቶ ታቤ ሲል ይዋል። ዳኛው ሊያስነሣን ከፈለገ ይምጣ፤ እሱም ግን እናት አለችው፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚመጣው። ማንም አይጮህም፣ ማንም አይሳደብም። ሰባቱንም እሴቶች አንድ በአንድ እንጠብቃለን፤ በዚህ አይጠራጠሩን።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ጥላዎ አይጉደልብን።

ወገቧን ጎንበስ፣ ቀኝ እጇን ዝቅ፣ አንገቷን ግን ቀና አድርጋ በፊትዎ የምታልፈው፣
ዳኤንግ ራኑ፣ የሰባት ቁጥሩ እናት፤
ሐሙስ ጠዋት፣ ቦንቶ ሊንታ።

ማሳሰቢያ፦ አባቴ እሑድ ዕለት ከወንበርዎ በስተግራ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ምናልባት አላዩዋቸውም ይሆናል፤ በልጅነትዎ ዋና ያስተማሩዎት ሰው ናቸው። በፊታቸው አራት ጊዜ እንዳለፉ ቆጥረዋል፤ ሁለቴ አሠልጣኙን ሊቆጡ፣ አንዴ ለሙዝ፣ አንዴ ልጄን ሊሰድቡ። አራቱንም ጊዜ ቀጥ ብለው ነው ያለፉት። አባቴ ግን አልተቀየሙዎትም። «ወገቡን ቢያመው ነው እንጂ ቶምፖ እንዲህ አልነበረም» ብለው የቅርንፉድ ዘይት ልከውልዎታል። ጠርሙሱ ከዚህ ደብዳቤ ሥር ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ዛሬውኑ መታሸት ቢጀምሩ ለነገ ይደርሳል ብለዋል።