ከራዲያተሩ የወጣው ሰም

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለሁንዴሳ ቀኖ፣
ጁባ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ የውሃ ቦቴ መሪ ይዞ የሚውል ሰው ምኑን እንደሚያመው ከአባባ አይቻለሁና መልስህ «ደህና ነኝ» ብቻ እንዳይሆን። የጁባ ሙቀትስ ትንሽ ለቀቅ አደረገህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብስ ራስህ ታበስላለህ ወይስ ዛሬም በዳቦና በሻይ ነው የምትውለው? እኛ ከእማዬ ጉልበትና ከአባባ ዓይን በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ እሱንም ለምደነዋል፣ ተመስገን ነው። የናፍቆቴን ነገር አልጽፈውም፤ ከጀመርኩት ወረቀቱ አይበቃኝም።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ጥፋቱ ያንተ ነው። ስለ መኪናዋ ባነሳሁ ቁጥር «እትዬ፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ትለኛለህ። ስለ ሰፈር ወሬ አንድ ሰዓት ስናወራ ደህና የነበረ ኔትወርክ «ማርቼዲስ» ሲባል የሚቆራረጥበት ምክንያት አልገባኝም። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። የጎረቤታችን የእትዬ ዘህራ ልጅ ነዚፍ ለንግድ ወደ ጁባ ስለሚሄድ በእጅህ እንዲሰጥህ፣ አንብበህ እስክትጨርስም ከፊትህ እንዳይነሳ አስምዬዋለሁ። ስለዚህ ሻይ በለው፤ የምጽፈው ረዘም ያለ ነው።

ያንን የጥር ቀን አንተም አትረሳውም፤ ግን እኔ እንደማስታውሰው ልጻፈው። የሰፈራችን ልጅ የሆሳዕና ሰርግ ነበር። ሙሽራዋን ከመቱ ጎሬ የምታደርሰው እንደ ልማዱ የኛ ነጭ ማርቼዲስ ናት፤ አባባ ለአንድ ቡና ነጋዴ ሃያ ሰባት ዓመት ሹፌር ሆነው ጡረታ ሲወጡ የተሸለሟት። በሰርግ ቀን ቁልፉን ላንተ ሲሰጡህ ያ የመጀመሪያው ነበር። የጎሬ ዳገት አጋማሽ ላይ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሳ፣ ሞተሩ ቀጥ አለ፣ ሆሳዕናም ቬሏን ሰብስባ በቡና ጭነት መኪና ጋቢና ጎሬ ገባች። አንተ ለአባባ የሙቀት ቆጣሪውን አይቼዋለሁ፣ መሃል ላይ ነበር፣ ድንገት ነው የዘለለው አልካቸው። እሳቸው ደግሞ ሰርገኛው ሁሉ እየሰማ፣ ቆጣሪ የሚያይ ሰው ሞተር አያቃጥልም፣ ማቃጠልህ ሳያንስ ትዋሻለህ አሉህ። ደግመህ አይቼዋለሁ አልክ። ጀርባቸውን ሰጡህ። በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ፤ ይኸው ስድስት ዓመት ሞላህ። ሰው ሁሉ ሁንዴሳ መኪናዋን አቃጥሎ አፍሮ ሄደ ይላል። ከቤት ያስወጣህ መኪናዋ እንዳልሆነች፣ ውሸታም መባልህ እንደሆነ ግን እኔ አውቃለሁ።

መኪናዋ ከዚያ ወዲህ ጓሮ፣ አቮካዶው ሥር ቆማ ቀረች። ዶሮዎቹ እንቁላል የሚጥሉት ኋላ ወንበር ላይ ነበር። ባለፈው ኅዳር አንድ ቆራሌ ከጅማ መጥቶ ቆራርጬ በብረትነቷ ልውሰዳት አለ፣ አባባም ምንም ሳይከራከሩ እሺ አሉት። እሷ ተቆራርጣ ከወጣች ያንተም ነገር አብሮ የሚያልቅ መሰለኝ። እስከ ጥምቀት ጊዜ ስጡኝ፣ ካላስነሳኋት ያኔ ይውሰዳት አልኩ። ቆራሌው ሳቀብኝ፤ እማዬ ደግሞ ይህች ልጅ ጠበል ያስፈልጋታል አለች።

አንተም ምን ታውቂያለሽ እንዳትለኝ። የስፌት መኪናዬን ሃያ ዓመት ሙሉ ፈትቼ የምጠርገውና የምገጥመው ራሴ ነኝ፤ ጠጋኝ ጠርቼ አላውቅም። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ አገኘሁ። እንደኛዋ ያለችውን ማርቼዲስ ግቢው ውስጥ አቁሞ፣ ቡና እየጠጣ፣ አንድ በአንድ ይፈታታታል። ጀርመንኛ ስለማልሰማ ድምፁን ዘግቼ እጁን ብቻ አያለሁ፤ ልብስ መስፋትም የተማርኩት የሰው እጅ እያየሁ ነው። እሱ አንዴ ሲፈታ እኔ አሥር ጊዜ እየመለስኩ አያለሁ። የፈታሁትን የኮባ ቅጠል ላይ በተራ እደረድራለሁ፣ ብሎኖቹን የልብስ ቁልፍ እንደምለየው በየጣሳው ለየኋቸው። አንዷ ዶሮ ብሎን ነጥቃ ሮጣ በእትዬ ዘህራ አጥር ሾልካ ስትገባ ሰፈሩ ሁሉ የምሠራውን አወቀ። ከዚያ በኋላ አላፊ አግዳሚው ሁሉ መካኒክ ሆነብኝ።

ሰውየው ራዲያተሩን ፈትቶ ከላይ ውሃ ሲያፈስበት ውሃው ከታች በአንዴ ዷ ብሎ ይወርዳል። እኔም አፈሰስኩበት። የኛ ጠብ ጠብ ነው ያለው። ጭቃ መስሎኝ በሽቦ ልወጋው አልኩና ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች እንዳይበሱ ፈራሁ። እማዬ እግሯን ልትዘፈዝፍበት ያፈላችውን ውሃ ነጥቄ ገለበጥኩበት፣ እርግማኗንም ተቀበልኩ። ትንሽ ቆይቶ ከታች ቢጫ ነገር ወረደ። ሳፋው ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲደርስ ረጋና እንደ ስስ ቂጣ ተንሳፈፈ። አንስቼ ባሸተው ሰም ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከዝገት ጋር ኖሮ ዛሬም ማር ማር ይሸታል።

አባባ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ዓይናቸው አሁን ሰው መምጣቱን እንጂ ማን እንደመጣ አይለይም። ሰሙን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። አሹት፣ አሸተቱት፣ ከየት አመጣሽው አሉኝ። ነገርኳቸው። «ከን ኮቲ» አሉ፤ ሲከፋቸው በኦሮምኛ እንደሚናገሩ ታውቃለህ። የኔ ነው ማለታቸው ነው። ከሰርጉ ሳምንት ቀደም ብሎ ራዲያተሩ ከታች ማንጠብጠብ ጀምሮ ነበር። የሚያፈስ የማር ቅል በሰም እንደሚደፍኑት፣ ከቀፎአቸው ሰም አምጥተው ከውጭ ለጠፉበት፤ ይበልጥ ይያዝልኝ ብለው ደግሞ አንድ ጭብጥ ሙሉ ከላይ ወደ ውስጥ ጨመሩ። ማንጠብጠቡ ቆመ። በብልሃታቸው ተደስተው ለማንም ሳይናገሩ ረሱት። ሰሙ ግን ሞተሩ ሲሞቅ እየቀለጠ፣ ሲያድር ቱቦዎቹ ውስጥ እየረጋ መንገዱን ዘጋው። ከተማ ለከተማ ሲኬድ ያልታወቀው ዳገቱ ላይ ታወቀ፤ ቆጣሪውም እንዳልከው ከመሃል በድንገት ዘለለ፤ የደረሰው ደግሞ ባንተ እጅ ነው።

አባባ ሦስት ቀን እህል በቅጡ አልቀመሱም። በአራተኛው ቀን ሽማግሌ ጥሪልኝ አሉኝ። ለማን ብላቸው፣ ለልጄ አሉ። ግራ ገባኝ። በኛ ዘንድ ያጠፋ ልጅ ወደ አባቱ ሽማግሌ ይልካል እንጂ አባት ወደ ልጁ ሲልክ አይቼ አላውቅም። ቢሆንም ሰርጉ ላይ የነበሩትን ሦስቱን፣ የሆሳዕናን አባት ጨምሮ፣ ጠራሁ። አቮካዶው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አባባ አልቀመጥም ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው ቆሙ። ሰሙን በሳህን አቀረቡላቸውና የሠሩትን አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ልጄን ውሸታም ያልኩት በሰው ፊት ነው፣ ቃሌን የማነሳውም በሰው ፊት ነው አሉ። እማዬ ጓዳ ሆና ስታለቅስ ሰማኋት። እኔም አላስቻለኝም።

ሽማግሌዎቹ ተቸገሩ። አንዱ ይህ ነገር በሥርዓት የለም አሉ፣ ሌላው አባት ካጠፋ ምን ይደረግ ታዲያ አሉ፣ ባማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ጨረሱት። በመጨረሻ እኛ ጁባ መሄድ ስለማንችል እህቱ መታሰቢያ በኛ ፈንታ ደብዳቤ ትጻፍለት ብለው ተነሱ። ስለዚህ ወንድሜ፣ እጅህ ላይ ያለው ወረቀት ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ደግሞ እሺ ሳይባል አረፍ እንደማይል ታውቃለህ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ብቻዬን አልሠራሁም። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ነዚፍ ጅማ ቶርኖ ቤት ወስዶ ፊቱን አስተካክሎልን መጣ፤ ከሥሩ የሚነጠፈውን ጓርኒሲዮንም ከመርካቶ አስመጣልን። ራዲያተሩ በብየዳ ተደፈነ፤ በሰም አይደለም፣ አትፍራ። ብሎኖቹን ማጥበቅ ላይ ስንደርስ አባባ ይህን ለማንም አልሰጥም አሉ። እኔ እጃቸውን ይዤ ብሎኑ ላይ አስቀምጣለሁ፣ እሳቸው መፍቻውን ይስባሉ። ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ ሦስት ዙር። እኔ ገበር ስሰፋ እንዳይሸበሸብ ከመሃል ጀምሬ መርፌ እንደምሰካው ማለት ነው። ዓይናቸው ቢደክምም እጃቸው ምንም አልረሳም። እየሳቡ ስላንተ ያወራሉ፤ ስምንት ዓመት ሳይሞላህ ጭናቸው ላይ ቁጭ ብለህ መሪ ያዝክ እያሉ። ስድስት ዓመት ስምህን አንስተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

የከተራ ዕለት ጠዋት ባትሪ ከነዚፍ ተውሰን ቁልፉን አዞርኩት። ሁለቴ አሳላት፣ በሦስተኛው ተነሳች። እማዬ እልል አለች። ጥቁር ጭሷ ዶሮዎቹን ከግቢ አባረራቸው። በቃት ብዬ ቁልፉን ስነቅለው አልጠፋችም። ቁልፉ እጄ ላይ ነው፣ መኪናዋ ትሠራለች። እማዬ እልልታዋን አቋርጣ በስመ አብ እያለች ቤት ገባች፣ እኔ ቁልፉን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። አባባ ግን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ኮፈኑን ክፈቺና ሞተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ማንሻ በእጅሽ ተጫኚ አሉኝ። ስጫናት ጸጥ አለች። ለካ ቁልፉ ሲዘጋ ሞተሩን የምታጠፋውን ቀጭን የአየር ቱቦ መግጠም ረስቻለሁ። አሁን ተገጥማለች። አንዲት ብሎን ግን ተርፋኛለች፤ የምን እንደሆነች አባባም ነዚፍም አላወቁም። ቦርሳዬ ውስጥ ናት፣ መጥተህ ትነግረኛለህ።

ነዚፍ ሰፈር ውስጥ ነድቷታል፣ እስከ ገበያውም ደርሶ ተመልሷል። ጎሬ ልሞክራት ሲል ግን አባባ ከለከሉት። የጎሬን ዳገት ከግማሽ ያቆመው ሰው መጥቶ ይጨርሰው አሉ። እኔ እንዲህ ነው የማስበው፤ በጋምቤላ በኩል ከመጣህ ከጎሬ ወዲያ ቡሬ ድረስ በአውቶቡስ ወጥተን እንቀበልሃለን፣ በአውሮፕላን ከሆነም በአዲስ አበባ በኩል ና። ለፋሲካ ብትደርስ ጥሩ ነው። የሚያስፈራኝን ሳልደብቅ ልንገርህ፤ የአባባ ዓይን በየወሩ እየደከመ ነው። ዛሬ ብትመጣ ቢያንስ በር ላይ ስትቆም ቁመትህን ያዩታል። ከዓመት በኋላ ይህንንም እንጃ። ቂም ይዘሃል አልልም፤ ያዘንክበት ነገር እውነት ነበር። ግን አሁን እውነቱ ቤት ገብቶ ተቀምጧል፣ የቀረኸው አንተ ነህ።

እማዬ አጥብቃ ሰላም ብላሃለች፤ ጉልበቴን እንዳትነግሪው ስላለችኝ ከላይ የጻፍኩትን አላየህም። እትዬ ዘህራ ሰላምታዋን ከተምር ጋር ልካለች፤ ተምሩ መንገድ ላይ ከጎደለ ልጇን ጠይቀው። ሆሳዕና ሁለት ልጆች ወልዳለች፣ በጭነት መኪና የተዳርኩ ሙሽራ እኔ ብቻ ነኝ እያለች ትኮራበታለች፤ አንዳች አልተቀየምኩትም በይልኝ ብላኛለች። አብረውህ የሚኖሩትን ልጆች ሁሉ ሰላም በልልኝ፣ ወንድሜን በዳቦ ብቻ እንዳይተዉት አደራ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው ሰሙ ነው። እንዳትጥለው፣ አሽተው፤ የቤታችንን ሽታ ታገኝበታለህ።

የአባባን ሰላምታ መጨረሻ ያደረግኩት እሳቸው ስላሉ ነው። አሁን አጠገቤ ተቀምጠዋል። ምን ልበልልዎ ብላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ። ናፍቆትዎንም ይቅርታዎንም ልጨምርበት አልኳቸው፣ ይህን ብቻ ጻፊ፣ የቀረውን ሲመጣ እኔው እነግረዋለሁ አሉኝ። እንዳሉት ይኸው፦

«ልጄ ሁንዴሳ፣ ቆጣሪውን አይተህ ነበር።»

እህትህ መታሰቢያ ቀኖ
መቱ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.