የሚረሱ ዝንቦች

ውድ እማዬ፣

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የጎባውን ቤት አላከራየነውም። እህቴ አልማዝ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ልጅቷ መዳህ ጀምራ የያዘችውን አትለቅም።

እኔ ያው ሮቤ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከዝንቦቼ ጋር ነኝ። ይህን ሁሉ ተምሬ ዝንብ ማርባቴ ያስቅሽ ነበር። እርጅናን ለማጥናት ሰባ ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም፣ ዝንብ በሁለት በሦስት ወር ተወልዶ፣ ጎልምሶ፣ ጃጅቶ ይሞታል ብዬ ሳስረዳሽ ግን ሳቅሽን አቁመሽ አዘንሽላቸው።

አንድ ሽታ እንዲሸሹ እናስተምራቸዋለን። ወጣቶቹ አይረሱትም። ያረጁት በማግስቱ ወደዚያው ሽታ ይሄዳሉ። ሥራውን የጀመርኩት ያንቺ ሕመም ሳይመጣ ነው። ከዚያ አንድ ቀን በሚኒባስ ከጎባ ስንመጣ እጄን ይዘሽ፣ “የማን ልጅ ነሽ?” አልሽኝ። የጎባን ልጅ ግማሹን ፊደል ያስቆጠርሽው አንቺ! ያንቺ ነኝ ስልሽ፣ እንደ ተማሪሽ ራሴን ዳብሰሽ “እግዜር ያሳድግሽ” ብለሽ መረቅሽኝ። ሮቤ እስክንደርስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ባለፈው ወር ከምሳ በኋላ የሞቱትን ዝንቦች ልመዘግብ ስል መዝገቡ ተሞልቶ አገኘሁት። አብሮኝ የሚሠራው ከድር የሞላው መስሎኝ ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። ገጹን አየና ቀስ ብሎ፣ “ያንቺ ጽሑፍ ነው። ጠዋት ስትጽፊ አጠገብሽ ነበርኩ” አለኝ።

ምንም ትዝ አላለኝም። ገጹን ደጋግሜ አየሁት። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ እማዬ። አንቺን የጀመረሽ ሃምሳ አምስት ሳይሞላሽ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱ አብሮኝ ይነሳል። የሰው ስም ሲጠፋኝ፣ ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ ሲጠፋኝ፣ መጣ እላለሁ። ሦስት ሳምንት ደብቄው ቆየሁ። በመጨረሻ ከድር ጎባ ሐኪም ዘንድ ይዞኝ ሄደ። ሐኪሙ ብዙ ጠየቀኝ፣ ሥዕል አሳለኝ፣ ቃላት አስደገመኝ። ድካምም ሊሆን ይችላል፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሺ አለኝ። “ሊሆን ይችላል” የሚለው ቃል እንዲህ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር፤ እኔ ራሴ በየጥናት ጽሑፌ እጠቀምበታለሁ።

መዝገቡን ለከድር አስረከብኩ። የስንት ዓመት ልፋት በእኔ ስህተት እንዳይበላሽ ብዬ ነው፤ ስሰጠው ግን አለቀስኩ።

ለአልማዝ በስልክ ነገርኳት። ማጽናኛ ስጠብቅ፣ “በዘር ይመጣል እንዴ?” ብላ ጠየቀችኝ። እሷም ያንቺ ልጅ ናት፤ ለራሷና ለሕፃኗ እንደፈራች ገባኝ። ቅዳሜ ከአጋርፋ መጥታ አቀፈችኝ።

እማዬ፣ እዚህ ላይ ሰው ፈጽሞ አልረሳሽም ብሎ ቃል ይገባል። እኔ ያን ቃል ፈራሁት። ማስታወስ እስከቻልኩ ድረስ በየቀኑ አስታውስሻለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለአልማዝ አደራ ብያታለሁ። እሺ ብላለች።

ልጅሽ ሰብለ