በአርባ የሚጀምረው ሜትር

ማክሰኞ፣ የወሩ አሥራ አራተኛ ቀን። የጠዋቱ ቆጠራ፦ ፕሮፎርማ ሦስት፤ የተነጠፈ ድንጋይ የለም፤ እናቴ ከቤት ሳትወጣ ሠላሳ ስምንት ቀን። ሱቁን ዘግቼ ይህን ደብዳቤ በሦስት ቅጂ ጽፌያለሁ። አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ አንዱ ለሱቄ መስኮት።

ለክቡር የድንጋይ ነጣፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት አቀርባለሁ። በተለይ ለጉልበትዎ፣ ለዳሌዎና ለቁርጭምጭሚትዎ፤ እነዚህ የከዱት ሰው በማኅበርዎ አባላት እጅ ይወድቃልና። ይህን ለጠላቴ እንኳን አልመኝም። ለእርስዎ መመኘት አለመመኘቴን ግን ገና አልወሰንኩም።

እኔ በገበያው መግቢያ ጨርቅ የምሸጥ ሴት ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ የእንጨት ሜትር ለክቼ ቆርጫለሁ። እናቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በዊልቸር ናት። ከቤታችን በር እስከ አጥሩ በር ያለው ግቢ ጭቃ ነው። አንድ ቀን ወንድሜና ጎረቤታችን ሊያሻግሯት ሲሞክሩ የፊት ጎማው ሰጠመና በግንባሯ ተደፋች። ፊቷን አጥበን አስገባናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋረጃውን ክፈቱልኝ ማለት ትታለች። ግቢውን ድንጋይ ማስነጠፍ የፈለግሁት ለዚህ እንጂ ለጌጥ እንዳልሆነ ክቡርነትዎ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። ቅሬታዬም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ማኅበርዎ በሰሌዳው ላይ «ከሦስት አባሎቻችን ፕሮፎርማ ሰብስበው ያወዳድሩ፤ አይታለሉም» የሚል ጥሩ ምክር ለጥፏል። ታዘዝኩ። መጀመሪያ ቀጭኑ መጣ፤ በአራተኛው ቀን ባለ ኮፍያው፤ በዘጠነኛው ቀን ደግሞ ሲያወራ ዓይኑን የሚጨፍነው። የሦስቱም ዋጋ ለየቅል ነበር። አንዱ በአሸዋው ተወደደ፣ አንዱ በጉልበቱ፣ ሦስተኛው «ለእናት ሲባል» ብሎ ቀነሰልኝ። የግቢዬ ስፋት ግን በሦስቱም ወረቀት ላይ ያው ነው፤ ሃያ ስምንት ካሬ ከአሥራ ስድስት። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ለክታ የምታድር ሴት የገዛ ግቢዋን አልለካችም። ሦስት ሰው በተለያየ ቀን መጥቶ አንድ ቁጥር ከጻፈ ምን ቀረኝ ብዬ አመንኩ። ስለ ውድድሩ አመሰግናለሁ፤ ከስፋቱ በስተቀር በሁሉም ነገር ተወዳድረዋል።

2ኛ. ልፈርም ብዕር ሳነሳ ያዳነችኝ እናቴ ናት። ሦስተኛው ነጣፊ መወጣጫ እሠራለሁ ብሎ በሩንም ለክቶ ነበር፤ ስፋቱን «አንድ ሜትር ከሠላሳ» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። እናቴ ከወንበሯ ሆና «ልጄ፣ በራችን ይህን ያህል ሰፊ ከሆነ ያ ቁም ሣጥን አልገባ ብሎ በርካሽ የሸጥነው ምን ነክቶን ነው?» አለች። ቁም ሣጥኑ አንድ ሜትር ከአሥር ነበር። በሳምንት ውስጥ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ቀልድ በመሆኑ ለዚህም ማኅበርዎን አመሰግናለሁ።

3ኛ. ነጣፊው በስልክ ሊነጋገር ሲወጣ ሜትሩን መስኮት ላይ ትቶት ነበር፤ አነሣሁት። ቢጫ፣ ጫፉ በሰማያዊ ፕላስተር የተጠቀለለ። ቀጭኑም ባለ ኮፍያውም ያው ሰማያዊ ፕላስተር ባለበት ሜትር እንደለኩ ትዝ አለኝ። ዘረጋሁት፤ የሚጀምረው በአርባ ነው። ከአንድ እስከ ሠላሳ ዘጠኝ ያለው ተቆርጦ ወጥቶ መንጠቆው አርባ ላይ ተበይዷል። የእንጨት ሜትሬን ጎኑ ባስተኛው አንድ ሜትሬ አንድ ከአርባ ሆነ። ሰውየው ሲመለስ እንኳን አልደነገጠም። «የማኅበሩ ሜትር እኮ ነው እትዬ፣ ተራ በተራ ነው የምንዋሰው። የራሱን ይዞ የመጣው አንዱ ሽማግሌ ተባሯል» አለኝ። እሱ ከሄደ በኋላ ግቢዬን በራሴ እንጨት ለካሁ፤ ስድስት በአራት። ሃያ አራት ካሬ።

4ኛ. ማኅበርዎ ቢሮ ስለሌለው እቤትዎ ድረስ መጣሁ። ክቡርነትዎም ከወንበርዎ ሳይነሱ «ሦስት ባለሙያ የለካውን አንቺ በጨርቅ ሜትር ልታፈርሺው ነው? የጨርቅ ሜትርና የድንጋይ ሜትር ይለያያል፣ እህቴ» አሉኝ። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ፤ ልዩነቱ አርባ ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ሊሸኙኝ ተነሡ፤ ቁመትዎን ባየሁ ጊዜ ሜትሩን ለምን እንደሚሳሱለት ገባኝ። በዓለም ላይ ክቡርነትዎን ሁለት ሜትር የሚያደርግ ሌላ መሣሪያ የለም።

ግቢዎን ሳላደንቅ ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። ጨርቅ ሳደርስ ብዙ ደጃፍ ስለምረግጥ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አወቅኋቸው። ጥቁሩ የዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ቀላ ያለው የፀጉር አስተካካዩ፤ በረንዳው ሥር ያለው ነጭ የጡረተኛዋ መምህርት። የእያንዳንዳቸው «ትርፍ» እዚህ ተገናኝቷል። ከደምበኞቼ መካከል ከሰው ጨርቅ ቁራጭ እያስቀረ ለልጁ ሱሪ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አለ። ሱሪው አራት ዓይነት ቀለም ነው፤ ልጁ ግን ለብሶት ሲወጣ ቢያንስ ያፍራል።

5ኛ. የተባረረውን ሽማግሌ ፈልጌ አገኘሁት። በእኔው እንጨት ለካ፤ በሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ ላይ «ሃያ አራት፣ ለሚሰበረው አንድ» ብሎ ጻፈ። ካልተሰበረ አንዷ ካሬ ያንቺው ናት አለኝ። ይህን በሰሙ ማግሥት ክቡርነትዎ ማኅተም ያለበት ማስጠንቀቂያ ላኩልኝ፤ የተባረረ ሰው ካሠራሁ ማኅበሩ ኃላፊነት እንደማይወስድ ይገልጻል። ማኅበሩ ከሰው ግቢ አንድ ነገር «አልወስድም» ሲል ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ ደብዳቤውን በፍሬም አድርጌ ሱቄ ውስጥ ሰቅየዋለሁ።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለቆረጡልኝ ሜትርና ለእናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ለጨመሩላት ሳምንታት ያለኝን ምስጋና በድጋሚ እየገለጽኩ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የጨርቅ ነጋዴዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከግቢዎ ስወጣ በአጥርዎ በር አጠገብ ሳይነጠፍ የቀረ ጭቃ አየሁ። ክቡርነትዎም እጅዎን ዘርግተው «እዚህ ጋ ተጠንቀቂ እህቴ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይነጠፋል» አሉኝ። ሜትር አላወጣሁም፤ በዓይኔ ለካሁት። አራት ካሬ እና ትንሽ። ከእኔ ግቢ የሚተርፈውን ግራጫ ድንጋይ እየጠበቀ ነበር። ድንጋዩ አይመጣም። ስለዚህ ዝናብ ሲጥል በዚያ በኩል ሲያልፉ አደራ ጤንነትዎን ይጠብቁ፤ እናቴ በግንባሯ የተደፋችው ልክ እንደዚያ ባለ ቦታ ላይ ነው።

ነገ፦ በጠዋት ሃያ አምስት ካሬ ድንጋይ መረከብ። የዊልቸሩን የኋላ ጎማ ማስነፋት፤ እናቴ ዛሬ መጋረጃውን አስከፍታ «ይሄ ጎማ ጎድሏል» ብላለች።