የመካኒኩ ከፋለ አዳም ቃል፣ ስለ ልጁና ስለ አረንጓዴዋ መኪና

በፈጠረኝና ወደ እርሱ በሚጠራኝ አምላክ ስም እናገራለሁ። ዛሬ የካቲት ፲፮ ቀን ፪ሺ፲፯ ዓ.ም. በላሊበላ ከተማ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ እኔ የመኪና መካኒኩ ከፋለ አዳም፣ ልቤ ደክሞ እግሬ ቢያብጥም አእምሮዬ እንዳልታወከ፣ ማንም እንዳላስገደደኝና ማንም እንዳላባበለኝ በአራት ምስክሮች ፊት አረጋግጣለሁ። ወደ ደሴ ሄጄ እንድታከም ታዝዤ ነበር፤ መንገዱ ግን ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ይዘጋል፤ እኔም ከእንግዲህ የምጠብቅበት አቅም የለኝም። ራፖር ጸሐፊው ሙሉዬ የምለውን ይጽፋል። በመካከል ሌላ ሰው ቢናገር የእርሱንም ቃል ጻፍልኝ፤ በዚህ ቤት ዛሬ ያልተጻፈ ነገር ነገ ጠብ እንዳይሆን እፈራለሁና።

አንደኛ፤ ስለ መኖሪያ ቤቴ። ቤቱ ከባለቤቴ ከወይዘሮ ይማርሽ ጋር ያፈራነው ነው። ግማሹ በሕግም የእርሷ ነው፤ የእኔንም ድርሻ ለእርሷ ሰጥቻለሁ። በሕይወት እስካለች ድረስ ማንም ከዚህ ቤት አያስነሳት። ጭቃውን ረግጣ፣ ድንጋዩን ተሸክማ የሠራችው እርሷ ናት። እኔ በዚያ ጊዜ አገር ለአገር እየዞርሁ የሰው መኪና ሥር ተጋድሜ ነበር።

ሁለተኛ፤ በገነተ ማርያም ያለኝ የእርሻ መሬት ለታናሽ ወንድሜ ለደርበው ይሁን። ደርበው አሁን ከበሩ አጠገብ ሆኖ፣ «ወንድምዓለም፣ ጋራዡ የቆመበትም እኮ የአባታችን ቦታ ነው» ብሏል። እውነት ነው፤ ጻፈው ሙሉዬ። ነገር ግን አባታችን ያን ቦታ ሲያካፍለን ድንጋያማ ነው ብለህ የተውኸው አንተ ነህ። መኪናዋን ከኩልመስክ ጎትቼ ያመጣሁ ቀንም በገበያ መካከል «ወንድሜ የዶሮ ማደሪያ ገዝቶ መጣ» ብለህ ሰው አሳቅህብኝ። ይህን ሁሉ ትቼልሃለሁ። ልጄ በጠፋ ጊዜ ሌላው ሰው ከበሩ ሳይወጣ አንተ በእግርህ እስከ ወልድያ ድረስ እየጠየቅህ ሄደሃል፤ ጫማህ አልቆ፣ እግርህ ቆስሎ ስትመለስ አይቻለሁ። መሬቱን የምሰጥህ በሙሉ ልቤ ነው። ጋራዡን ግን አትንካ።

ሦስተኛ፤ ስለ መኪኖቹ። ወራሾቼ ምን እንደሆኑ ሳያውቁ በኪሎ እንዳይሸጧቸው ታሪካቸውን ልናገር።

በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና በሚጠገንበት ጋራዥ ተቀጥሬ ነበር። ዝቅ ያሉ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያቸው የሚታጠፍ፣ መሪያቸው በቀኝ የሆነ መኪኖች ናቸው። ካርቡራቶራቸውን በጆሮዬ እየሰማሁ ማስተካከል የተማርሁት በዚያ ነው። አብዮቱ ሲመጣ ባለቤቶቹ ተበተኑ፤ ጋራዡም ተዘጋ። እኔም ወደ አገሬ ተመልሼ የወፍጮ ሞተርና የጭነት መኪና ስጠግን ኖርሁ፤ ያን ድምፅ ግን አልረሳሁትም።

ከእነዚያ የእንግሊዝ መኪኖች አንዷ የሆነችውን አረንጓዴዋን ኤም ጂ ያገኘናት ኩልመስክ፣ በአንድ ገበሬ ጓሮ፣ ጭድ ተከምሮባት ነው። ጥንት የውጭ አገር ሐኪም ሞተሯ ነክሶ አልነሣ ብሎት ትቷት እንደሄደ ነገሩን። ባለጓሮውም የወፍጮውን ሞተር ጠግኜለት በለውጡ ሰጠኝ። ልጄ ምሥጋናው ከሙያ ትምህርት ቤት ተመርቆ የመጣበት ዓመት ነበር። እኔ ፈትቼ ለመለዋወጫ ላደርጋት አስቤ ነበር። እርሱ ግን ጭዱን በእጁ ጠረገና ኮፈኑን ከፍቶ፣ «አባየ፣ ትነሣለች» አለኝ።

ተነሣችም። የበሰበሰውን ላሜራ ቆርጠን በበርሜል ቆርቆሮ ቀጠልን። ባሌስትራዋን፣ ክብደቷን የሚሸከመውን ብረት፣ አንጥረኛ ዘንድ ወሰድነው። ወንበሯን ጎረቤታችን ወይዘሮ ደብሪቱ በፍየል ሌጦ ሰፋችልን፤ ዛሬም ከምስክሮቼ አንዷ ሆና እዚህ ተቀምጣለች። መጀመሪያ በተነሣች ዕለት ምሥጋናው ጣሪያዋን አጥፎ እናቱን ከጎኑ አስቀመጠና እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ወስዶ መለሳት። ይማርሽ ነጠላዋ በነፋስ ተወስዶባት ስትስቅ ተመለሰች። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊት አላየኋትም፤ ከዚያም በኋላ አላየኋትም።

እንግዶች ይመጡ በነበረበት ጊዜ ሆቴሎቹ መኪናዋን እየጠሩ ሰው ወደ ገነተ ማርያም ይልኩባት ነበር። ሙሽራ ሁሉ በእርሷ ካልሆነ ይል ነበር። ምሥጋናውም ሚስቱን የትናየትን ከኩልመስክ ያመጣት በእርሷ ነው። ሌላዋን የእንግሊዝ መኪና፣ ቀዩዋን ትራያምፍ፣ የገዛናት በኋላ ነው፤ ሻንሲዋ ቀጥ ብሏል፣ ካምቢዮዋ ተሠርቷል፣ የቀረው ገና ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እንግዳው ቀረ፤ ሆቴሎቹ ተዘጉ፤ ጋራዡም ባጃጅ ብቻ የሚገባበት ሆነ። በዚህ ላይ የአረንጓዴዋ የፍሬን ማስተር አበቃለት። የፍሬን ማስተር ማለት ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ብረት ነው። ያለ እርሱ ዳገቱን ትወጣ ይሆናል፤ ቁልቁለቱን ግን አትወርድም። የእርሷ ዓይነት ደግሞ በላስታ ምድር በሌላ በማንኛውም መኪና ላይ የለም።

ባለፈው ዓመት በመጋቢት፣ አዲስ አበባ አንድ ሰው አሮጌ ኤም ጂ እየፈታ ነው ሲባል ምሥጋናው ሰማ። «ለፋሲካ እንግዳ ይመጣል እያሉ ነው፤ ሄጄ ላምጣው» አለ።

«አትሂድ፤ መንገዱ አይታመንም» አልሁት።

«አባየ፣ እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ ከምን ልንኖር ነው?» ብሎኝ ሄደ።

ባለቤቴ «ለብረት ብለህ ልጄን ላክኸው» ስትለኝ ከርማለች። አልላክሁትም። ለሞት የቀረበ ሰው ነኝና ይህን ደግሜ እናገራለሁ፤ አልላክሁትም።

ከአዲስ አበባ ሲመለስ ከደሴ ደወለ። «አባየ፣ አገኘሁት፤ አዲስ ነው የሚመስለው። በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ። የጭነት መኪና አግኝቻለሁ፤ ነገ እመጣለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ።

የቀረውን ያየው ሰው ራሱ ይናገር። ሳሊሕ ሸዕባን የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መኪናውን የማድስለት እኔ ነኝ፤ በቤቴም እንደ ልጅ ነው። ሳሊሕ ተነሥቶ እንዲህ ብሏል፦

«በኅዳር ወር እህል ጭኜ ስመጣ ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ የጭነት መኪና አየሁ። የሚጠቅም ዕቃ ካለ ብዬ ወረድሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሹፌር ነኝና ቡሎን እንኳ ወድቆ ካየሁ አላልፍም። ከሣሩ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ብረት አገኘሁ። የአካባቢውን ገበሬዎች ስጠይቅ፣ መኪናው ላይ የነበሩትን ሰዎች እኛው ነን የቀበርናቸው፣ መልካቸው አይለይም ነበር አሉኝ። ማን እንዳቃጠለው እነርሱም አያውቁም። ብረቱን ለጋሽ ከፋለ ያመጣሁላቸው የምን መኪና እንደሆነ እንዲነግሩኝ ነው። ወላሂ፣ ምሥጋናው በሐሳቤም አልመጣም።»

እውነቱን ነው። ከጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ «ጋሽ ከፋለ፣ ይህ የምን ዕቃ ነው?» ብሎ በእጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሳየው አወቅሁት። ዓይኔ እንዲዋሽልኝ ፈልጌ ወደ መኪናዋ ወሰድሁት። የትናየት የልጄን ቱታ ለብሳ ካንዴላ ስታጸዳ ነበር። ከፔዳሉ በላይ ካለው ቦታ አስጠጋሁት። ቡሎኖቹ ሳይገፉ፣ ሳይታገሉ ገቡ።

የትናየት ፊቴን አይታ፣ «አባየ፣ ምነው?» አለች።

«ገጠመ» አልኋት። የያዘችው መፍቻ ከእጇ ወደቀ፤ እርሷም ዘይት በፈሰሰበት መሬት ላይ ተቀመጠች።

በዚያው ቀን ለይማርሽ ነገርኋት። ያን ቀን ለሳሊሕ ያለችውን ዛሬም በሁላችሁ ፊት ደግማዋለች፦ «ሳሊሕ ልጄ፣ አንተ ያገኘኸው ብረት ነው። ልጄን አላገኘኸውም። ጥሎት ሸሽቶ ይሆናል፤ ታስሮም ይሆናል።»

ሳሊሕም አንገቱን ደፍቶ፣ «ይሆናል፣ እማማ» ብሏታል። ልቡ እንዲህ እንደማያምን ግን ፊቱ ይናገራል።

አራተኛ፤ ስለ ልጄ ስለ ምሥጋናው። ይህን ቃል ለመናገር ከኅዳር ጀምሮ አፌ ሲያዝብኝ ቆይቷል። ልጄ ሞቷል ብዬ አምናለሁ። ከንብረቴ ለእርሱ የማስቀምጠው ድርሻ የለም። የንስሐ አባቴን መምሬ ላቀውን የምለምነው፣ የእኔ ፍትሐት በሚደርስበት ቀን የልጄም በክርስትና ስሙ፣ በኃይለ ሚካኤል፣ አብሮ እንዲደርስ ነው።

መምሬ ላቀው፣ «አቶ ከፋለ፣ አስከሬን በሌለበት፣ እናቲቱም ሳታምን፣ ከባድ ነገር ነው የሚያዙኝ» ብለዋል።

አባቴ፣ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ሌላ ልጅ የለኝም። ሰማይ ሰማዩን ሳይ ከርሜአለሁ፤ የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከአልጋዬ ቀና እላለሁ። ጸሎት አልቆብኛል። ይሁን እንጂ በዚህ ቤት በሕይወት ያለች አንዲት ወጣት ሴት ስላለች ይህን እንድናገር ተገድጃለሁ። መምሬም፣ «እግዚአብሔር የት እንዳለ ያውቀዋል፤ በስሙ እንጸልያለን» ብለው ፈቅደውልኛል።

ሳሊሕ፣ ገበሬዎቹ የቀበሩበትን ቦታ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ይማርሽን ወስደህ አሳያት። እሄዳለሁ ካለች ብቻ ነው፤ አታስገድዳት። ሳሊሕ «አላህ ካለ እወስዳቸዋለሁ» ብሎ ቃል ገብቷል።

አምስተኛ፤ ስለ ምራቴ ስለ የትናየት። ወላጆቿ ልጃችንን እንውሰድ ብለው ከኩልመስክ ሽማግሌ ልከው ነበር። ይማርሽ «የልጄ ሚስት ናት፤ ሲመለስ ምን እለዋለሁ?» ብላ መለሰቻቸው። እኔም ያን ጊዜ አፌን አልከፈትሁም፤ ተስፋ ነበረኝና። ከዚያ ወዲህ የትናየት በዚህ ቤት ባሏ እንዳለ ሴት አልሳቀች፣ ባሏ እንደሞተባት ሴት አላለቀሰች። ሥራውን ግን ይዛዋለች። ዛሬ በዚህ ከተማ የአረንጓዴዋን የሁለቱን ካርቡራቶር ትንፋሽ እኩል ማድረግ የሚችል ከእርሷ በቀር የለም፤ እኔ እንኳ ጆሮዬ ከድቶኛል።

ስለዚህ ጋራዡን ከነሙሉ ዕቃው፣ አረንጓዴዋንና ቀዩዋን መኪና ለየትናየት ሰጥቻለሁ። የኢንቹን መፍቻ ከሚሊሜትሩ አትደባልቂው፤ የቡሎኑን ጭንቅላት ይበላብሻል። ብትፈልጊ እዚሁ ሥሪበት፤ ብትፈልጊ ሸጠሽ ሂጂ። ብታገቢም እባርክሻለሁ። አንቺን ከብረት ጋር አላስርሽም። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው የምሥጋናው ሚስት ነሽ ብሎ አያስቀምጥሽ። በዚህ ላይ ክርክር የሚያነሣ ቢኖር፣ ደርበው ሆይ አንተም ብትሆን፣ በምሰጥህ መሬት ላይ ያለህ መብት ይቅር።

ደርበው «አልከራከርም፤ ወንድምዓለም፣ ተው እንዲህ አትበለኝ» ብሎ ዓይኑን በጋቢው ጠርጓል።

የትናየት ግን አላመሰገነችኝም። ከአልጋዬ ግርጌ ቆማ ይህን ተናግራለች፦

«አባየ፣ እኔ ጋራዥ አልለመንሁዎትም።»

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ፣ ልጄ?»

«ማልቀስ እፈልጋለሁ። ጎረቤት ሲሞት እንኳ ለቅሶ አልሄድም፤ ከጀመርሁ አላቆምም ብዬ። እማማ እንዳይሰሙኝ ትራስ ነክሼ ነው የምተኛው። ጠጉሬን ልላጭ፤ ጥቁር ልልበስ። ባልሽ ሞቷል በሉኝና እንደ ሰው ላልቅስለት።»

ወደ ይማርሽ ዞረን ሁላችን ጠበቅን። ቃሉን የምትሰጣት እርሷ ናትና። ወይዘሮ ደብሪቱ የይማርሽን እጅ ያዘች። ይማርሽም እንዲህ ብላለች፤ ሙሉዬ፣ እንዳለችው ጻፈው፦

«እኔ እጠብቀዋለሁ። እናንተ ደክሟችኋል፤ አልፈርድባችሁም። እኔ አልደከመኝም። እሷ ግን ልጅ ናት፤ ታልቅስ።»

ከዚህ በላይ የምናገረው የለኝም። ቀድሞ በቃሌም ሆነ በጽሑፍ የተናዘዝሁት ቢኖር በዚህ ተሽሯል።

የጸሐፊው ቃል፦ ወይዘሮ የትናየት በከፍተኛ ድምፅ ስላለቀሱና ጎረቤት ስለ ተሰበሰበ ንባቡ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። ከተረጋጋ በኋላ ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለተናዛዡ በምስክሮቹ ፊት ተነብቦላቸው፣ ቃሌ ነው ብለው ፈርመዋል።

ተናዛዥ፦ ከፋለ አዳም፣ ፈርመዋል።

ምስክሮች፦ መምሬ ላቀው፣ ፈርመዋል። አቶ ሳሊሕ ሸዕባን፣ ፈርመዋል። ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ጣታቸውን አትመዋል። የሳሊሕ ባለቤት ወይዘሮ ጁወይሪያ፣ ፈርመዋል።

ጸሐፊ፦ ሙሉዬ።

የተናዛዡ ባለቤት ወይዘሮ ይማርሽ መስማማታቸውን እንዲያረጋግጡ ተጠይቀው፣ በአንደኛው፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ቃል አጠገብ ጣታቸውን አትመዋል። በአራተኛው አጠገብ አላተሙም።