ሦስት ነን ያልኩበት ሳምንት

ሰኞ

ዛሬ ዘጠነኛ ክፍልን አሳቅኩ። ባላሳቅኩ ይሻለኝ ነበር።

የጂኦግራፊ ትምህርቱ ስለ ሕዝብ ቁጥር ዕድገት ነው። ግራፍ ሲያዩ እንቅልፋቸው ስለሚመጣ ሁሉንም አስነሳሁና ከአንድ ጀምሬ ቆጠርኩ፤ የቤቱ ልጆች ቁጥር የተጠራበት ይቀመጣል። ስድስት ስል አብዛኛው ተቀምጧል። ከስምንት በኋላ ቃልኪዳን ብቻዋን ቆማ ቀረች።

«ስንት ናችሁ?»

«ዘጠኝ» አለች፣ ወለሉን እያየች።

አፌን ምን እንዳሳከከኝ እንጃ፣ «እናትሽ ትምህርት ቤት ብትከፍት ተማሪ አትለምንም» አልኳት። ክፍሉ አውካካ። እሷም የሳቀች መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም።

ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ እርስዎ ቤትስ?» ሲለኝ፣ «ሦስት ነን» አልኩ። እንዴት ቶሎ እንደመጣልኝ! እኛ ስምንት ነን።

ማክሰኞ

ቃልኪዳን አልመጣችም። ጉንፋን ይዟት ይሆናል አልኩ ለራሴ። ሌላ ሰው ቢለኝ አላምነውም ነበር።

የዛሬው ርዕስ የመንግሥታት የቤተሰብ ፖሊሲ። መጀመሪያ ቻይና፣ አንድ ልጅ ብላ ያስገደደችው። ቀጥሎ የኛ። የኛው አያስገድድም፣ ቤተሰቡ መረጃ አግኝቶ በራሱ ፈቃድ ይወስናል ብዬ ሳስረዳ ጆሮዬ ጋለ። ማሳፈር የሚል አንቀጽ የለውም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ

ዛሬም የለችም። አጠገቧ የምትቀመጠውን ልጅ ጠየቅኳት።

«ዘጠኝ እያሉ ይጠሯታል ቲቸር። ታክሲ ፌርማታ ላይ ሳይቀር።»

እነማን ናቸው ልል ነበር፤ ተውኩት። ዋናዋን አውቃታለሁ።

ያሰብኩት፦
ክፍሉን መቆጣት። በምን አፌ?
እናቷን ማስጠራት። ደግሞ እሳቸውን ላሳፍር?
ራሴ ቤታቸው መሄድ። ይሄ ከሁሉም አስጠልቶኛል፤ ትክክሉ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሐሙስ

ከትምህርት በኋላ አስኮ፣ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ በር ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ። አስተማሪዋ ነኝ ስላቸው ብድግ አሉ።

«ምን አጠፋችብዎ?»

እናቴን የሚያክሉ ሴት እኔን አንቱ አሉኝ! ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀልዱን ስደግመው፣ ክፍል ውስጥ እንዴት አስቆን እንደነበር አልገባኝም።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። «መብዛታቸውን እኔም አውቃለሁ፣ የማበላቸው እኔ ነኝ» አሉ። «ግን አንዳቸውንም በቁጥር ጠርቼ አላውቅም።»

ቃልኪዳን ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ነበር፤ እግሯ ይታየኛል። አልወጣችም። «ነገ ነይ» አልኩ፣ ለመጋረጃው። መንገዱን ሙሉ ሰው አላየሁም፤ አንገቴን ደፍቼ ነው የገባሁት።

ዓርብ

መጣች። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ጠመኔውን አስቀመጥኩና ሳልጀምር ተናገርኩ። ሰኞ ዋሽቻችኋለሁ። ስምንት ነን፤ እኔ ሰባተኛዋ ነኝ። ሦስት ብንሆን ኖሮ እኔ አልወለድም፣ በሰው እናትም አልቀልድም ነበር። ስለ ሕዝብ ቁጥር የተማራችሁት ልክ ነው፤ ያስተማርኩበት መንገድ ግን ነውር ነው። ቃልኪዳን፣ ይቅርታ። ማንም አልሳቀም።

ቃልኪዳን እጇን አወጣች።

«ታዲያ ለምን ዋሹ፣ ቲቸር?»

አዳሬን ያሰናዳሁት ረጅም መልስ ነበረኝ። «አፍሬ» አልኳት።

«እኔም አፍሬ ነበር» አለች። «ግን ዘጠኝ ነው ያልኩት።»

ወደ ሰሌዳው ዞሬ የዛሬውን ርዕስ ጻፍኩ፤ ፊቴን እንዳያዩት። ይቅር ብላኝ ይሁን አላውቅም። ዞር ስል ግን ደብተሯን ከፍታ ርዕሱን እየገለበጠች ነበር።