ዘጠኝ ቀን የተሰረዘበት ደብተር

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ለምወድህና ለምቆጣህ ልጄ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «እማዬ፣ የመድኃኒት መሞከሪያ አድርገውሻል፤ ዛሬውኑ ውጪ» ያልከውን ሁለቴ አነበብኩት፤ ሁለቴም ተናደድኩ። ማን አደረገኝ? እኔው ነኝ የገባሁት፤ አንብቤ፣ ጠይቄ፣ በገዛ እጄ ፈርሜ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ሳታነብ የምትፈርም መሰለህ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኩላሊቴ ተነስቶ ሳንባዬ ለደረሰው ካንሰር የተለመደው መድኃኒት አልሠራም። አሁን የሚሞከሩት ሁለት መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሰው ዕጢው ላይ የሚያዘምቱ ናቸው። ለየብቻቸው ይታወቃሉ፤ አብረው ሲሰጡ ሰው ምን ያህሉን እንደሚችል ግን ገና አልታወቀም። ስለዚህ ሦስት ሦስት ሆነን እንገባለን። እኛ ከቻልነው ለሚቀጥሉት ሦስት መጠኑ ከፍ ይላል።

እኔ ግን አበላሸሁት። በየቀኑ የሚሰማንን የምንጽፍበት ደብተር አለ። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ተቅማጥ ያጣድፈኝ ጀመር፤ በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ፣ በኋላማ ደምም ነበረው። የምትከታተለን ነርስ ደውላ «እንዴት አደሩ፣ እትዬ?» ስትለኝ «ደህና፣ ተመስገን!» እላለሁ። ሰው እንዴት አደርክ ሲልህ ሌላ ምን ትላለህ? ደብተሩ ላይም ዓይኔን በጨው አጥቤ ዘጠኝ ቀን «ደህና» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ካወቁ ያስወጡኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ተማሪ ሲኮርጅ ይዤ ከክፍል ሳስወጣ የኖርኩት እኔ!

በአሥረኛው ቀን ለደም ምርመራ ወረፋ ይዤ ሳለ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር አጠገቤ ተቀመጠ። ከሚቀጥሉት ሦስቱ አንዱ ነው። «እናንተ ስለቻላችሁት ለእኛ ሊጨምሩልን ነው አሉ» አለኝ ደስ ብሎት። ክው አልኩ። የእኔ ውሸት የሰውዬው ደም ሥር ውስጥ ሊገባ ነው!

ተነስቼ ነርሷ ክፍል ገባሁ። ዘጠኙንም «ደህና» በአንድ በአንድ መስመር ሰርዤ፣ እውነቱን ከጎኑ ጽፌ፣ ፈረምኩበት። «አንጀትዎ ተበስቶ ቢሆን ኖሮስ?» ብላ ጮኸችብኝ፤ ከዚያ ዕንባዋ መጣ። መከላከያዬ ዕጢውን ትቶ የገዛ አንጀቴን ሲወጋ ነበር ለካ። ዶክተሩ ወዲያው ሆስፒታል አስተኛኝ፤ አሁን ተቅማጡ ቆሟል። ሁለቱም መድኃኒቶች ግን ለእኔ ተቋርጠዋል፤ ተመልሼ አልገባም። ለሹፌሩና ለጓደኞቹ አይጨመርም፤ በዚያው በእኛ መጠን ይታያሉ።

ስለዚህ ሁለተኛ «መሞከሪያ» እንዳትለኝ። በመዋሸቴ አፍሬያለሁ፤ በመግባቴ ግን ቅንጣት አላፍርም፤ ቢፈቅዱልኝ ነገም ቢሆን እገባለሁ። ሐኪሞቹ ከእኔ አንድ ነገር ተምረዋል፤ ማስተማር ደግሞ የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነው። የአንተ ቁጣ ይህን አይነጥቀኝም።

ዶክተሩን «ከእንግዲህስ?» ብዬ አልጠየቅኩትም። እሱም ወንበሩን ወደ አልጋዬ አስጠግቶ ብዙ ቆየ፤ ስለ ልጆቹ አወራኝ።

ልጄ፣ መንገድህ ይቅና፤ የሄድክበት ሁሉ የሚያከብርህ ሰው አይጥፋ፤ ቁጣዬን የሚችል ትከሻም ይስጥህ። «ክረምት ላይ እመጣለሁ» ያልከውን ተወው። በዚህ ወር ና። እየለመንኩህ አይደለም፤ እያዘዝኩህ ነው።

እናትህ