ስለ ሎንዶኑ ቡድንሽ

ጅቡቲ፣ ኅዳር 2003 ዓ.ም.

ልጄ ራኬብ፣ ቅዱስ ገብርኤል በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ፤ የማርሴይ ብርድ አይንካሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። እዚህ ዋራበሌ ሰፈራችን ሙቀቱ ጋብ ብሏል፤ መብራቱ ግን እንደ ልማዱ ይሄዳል ይመጣል።

ቅዳሜ ያንን የሎንዶን ቡድንሽን ጎረቤታችን ጋሽ ልደቱ ቤት በቴሌቪዥን አየሁት። ልጄ፣ እኔስ ደከመኝ። አጥቂው ጎል በሳተ ቁጥር ፀጉሩን ያስተካክላል፤ እግሩን ቢያስተካክል አይሻለውም? ያ ረጅሙ ደግሞ ትከሻውን ነካ ቢያደርጉት ሦስቴ ተንከባለለ፤ በቃሬዛ አወጡት፣ ወዲያው እየሮጠ ተመለሰ። እኔ ባለፈው ሀራሙስ ሰፈር፣ ልብስ የማጥብላት ማዳም ቤት፣ ከነልብስ ሳፋው ከደረጃ ስወድቅ ማን ቃሬዛ አመጣልኝ? ማዳም «ሳ ቫ?»፣ ደህና ነሽ ወይ ብላኝ አልፋ ገባች። ጉልበቴን በሻሽ አስሬ ልብሱን አስጥቼ ጨረስኩ። አሁን ደህና ነኝ፣ ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው የሚያመኝ። አንቺ እንዳትጨነቂ።

ጋሽ ልደቱ «ዘቢደር፣ አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኳስ የምታዪው?» ይለኛል። ምን ልበለው? ቡድንሽ ሲያሸንፍ እየሳቅሽ ትደውያለሽ፤ ሲሸነፍ ስልኩ ዝም ይላል። እሁድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ለእነሱ እግር ስጸልይ አባ ቢሰሙኝ ምን ይሉኝ ይሆን? ዘንድሮ ግን አያያዛቸው አላማረኝም። ድምፅሽን ከሰማሁ ሰባት ሳምንት ሆነኝ።

እመቤቴ ጥላ ከለላ ትሁንሽ፤ በሰው አገር ሰው አይጉደልብሽ። እነዚህ ልጆች የሚሻላቸው አይመስለኝም፤ እባክሽ፣ ሲሸነፉም ደውዪልኝ።

እናትሽ ዘቢደር